የባለወፍጮው ግዛት

ባለወፍጮው ወፍጯቸውን ካጡ ዘመን አልፏል። የሰው አፍ የለመደውን ስም አይለቅምና ሰፈርተኛው ዛሬም «ባለወፍጮው» ይላቸዋል። ልጃቸውን ደግሞ «ቀለሜ» ይላታል፤ በተማሪነቷ ከደብተር ቀና ስለማትል የወጣላት ስም ነው፣ ጠጉሯ ገብስማ እስኪሆን አብሯት ኖረ። አባትና ልጅ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። ከታች የስፌት መኪናው ሲንጓጓ ከላይ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ቀለሜ ልትቆጣ ስትነሳ አባቷ፣ «ተያት፤ ድምፅ የሌለው ቤት መቃብር ነው» ይሏታል።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ አፏ እንደ መቀሷ የሰላ ሴት ናት። ሥራ ሲቀዘቅዝባት ሻይዋን ይዛ ትወጣና ከባለወፍጮው ጋር ታወጋለች። የቀለሜን ሥራ የሰማች ዕለት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

«ቆይ እስቲ፣ ትልልቅ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የሌለ አገር ስትሸነሽኑ ትውላላችሁ?»

«አንቺ ቀሚስ ትሸነሽኛለሽ፣ እኔ አገር እሸነሽናለሁ» አለቻት ቀለሜ።

«የኔን እንኳ ሰው ይለብሰዋል።»

«የኔንም እትዬ፣ ሰው ይነግሥበታል።»

እውነቷን ነው። የምትሠራበት ድርጅት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው የሚሠራው። የጨዋታው ዘመን የጥንት ነገሥታት ዘመን ነው፤ ጦር በፈረስ፣ ምሽግ በድንጋይ የነበረበት። ተጫዋቹ ካርታው ላይ አንዱን ግዛት መርጦ ገዥ ይሆናል። ግብር ይሰበስባል፣ ግንብ ያስገነባል፣ ልጁን ለጎረቤት ንጉሥ ይድራል፣ ሲከፋው ደግሞ በአማቹ ላይ ይዘምታል። ያንን ሁሉ ተራራና ወንዝ፣ ያንን ሁሉ ድንበር የሳለችው ቀለሜ ናት።

የሷ ነገር ከካርታ ጋር የተጀመረው ግን በጨዋታ አልነበረም።

ልጅ ሳለች የሚኖሩበት ሸለቆ ጠባብ ነበር። ከላይ ሆኖ ላየው ሰው፣ ውሃ ሊጠጡበት የገጠሙት ሁለት መዳፍ ይመስላል። በመካከሉ ወንዝ፣ ከወንዙ አፋፍ የአባቷ የውሃ ወፍጮ፣ ከወፍጮው ደጅ እናቷ። እናቷን ስታስታውስ ሁልጊዜ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ሌላው መልኳ እየደበዘዘባት ሄዷል፤ ዱቄቱ ግን አልረገፈም።

አንድ ዓመት ቀይና ነጭ የተቀባ እንጨት የያዙ ሰዎች መጡ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ለልጅ ከረሜላ ያድላሉ፣ አባቷን «አባት» እያሉ ይጠራሉ፣ ዱቄቱን በጣታቸው እየቀመሱ ያደንቃሉ። ከታች ግድብ ሊሠራ ነው፣ ከተማው መብራት ያገኛል፣ እናንተም ከዚህ የተሻለ ቤት ይሰጣችኋል አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የዚያን ጊዜ ግን ማንም ትዝ አላለውም።

ውሃው ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም። ጠዋት የታችኛው ማሳ ጥግ ሲያብለጨልጭ ይታያል፣ በማግስቱ ማሳው የለም። ሌላው ሰው ዕቃውን ሲጭን ባለወፍጮው ይፈጩ ነበር። እንዲያ እንዲያ እያለ፣ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ውሃ ቁልቁል መውረጃ አጣ፤ መንኮራኩሩም እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ቆመ። «ውሃ አንሶት የቆመ ወፍጮ ብዙ ሰው አይቷል። ውሃ በዝቶበት የቆመ ያየሁ እኔ ነኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። እንደ ቀልድ ነው የሚሉት። የሚስቅላቸው ግን ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት።

የተሰጣቸው ቤት መንገድ ዳር በረድፍ ከተሠሩት አንዱ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት በመሆናቸው እናቷ የሰው ቤት እየገባች ታፍር ነበር። ብዙም አልኖረችም። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። ባለወፍጮው «ሆድ ይፍጀው» አሉ።

እዚያ በገባችበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። ቀለሜ ጣቷን ወንዙ ላይ አድርጋ እየተከተለች ወረደች። ደረሰች። ሰማያዊ ነው።

«መምህር፣ የኛ ቀዬ የታለ?»

«እሱማ ሐይቁ ነው» አለ መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ እያራገፈ።

ክፍሉ ሳቀ። ለጥቂት ጊዜ «ዓሣ» እያሉ ጠሯት፤ ኋላ ግን «ቀለሜ» የሚለው አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የትም ካርታ ባየች ቁጥር ዓይኗ ሳታዘው እዚያው ነው የሚሄደው። በየመጽሐፉ፣ በየቢሮው፣ በየአውቶቡስ ጣቢያው ግድግዳ። አንዱም ላይ ሸለቆው የለም። የድሮዎቹን ካርታዎች የቀደዳቸው የለም፤ አዲስ ወጣና ተተኩ፣ በቃ።

ስታድግ የውሃ ቧንቧ መስመር ከሚነድፍ ቢሮ ገባች። አገባችም። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ አንድ ቀን «አንቺ ያገባሽው አባትሽን ነው» ብሎ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ።

ጨዋታ የሚሠራው ድርጅት ሲቀጥራት የመጀመሪያውን ካርታ ብቻዋን ሳለችው። በመጽሐፍ የታወቀ ግዛት ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ በተራሮቹ መካከል የጥፍር ያህል ባዶ ቦታ ቀረ። የሚጠይቅበትም አልነበረም። ቀለሜ እዚያች ላይ የሸለቋቸውን ስም ጻፈች።

ስታሳያቸው ባለወፍጮው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አስደግፈው ስሙን ፊደል በፊደል አነበቡ፤ ከዚያም ሄደው ፊታቸውን ታጠቡ።

ከዚያ በኋላ ነው ማውስ መያዝ የተማሩት። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ይከፍቱና ያችኑ ግዛት ይመርጣሉ። ጨዋታው ላይ ወፍጮ ማሠራት ይቻላል፤ መጀመሪያ እሱን ያሠራሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም አያደርጉም። ዘመኑ ይነጉዳል፣ ነገሥታቱ በዙሪያቸው ይፋጃሉ፣ እሳቸው ተቀምጠው ያያሉ። አንዱ ጉልበተኛ ጦር ሲልክባቸው ወዲያው ይገብራሉ።

«ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ያለ ፈሪ ንጉሥ ይሆናሉ?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ ከትከሻቸው በላይ አጮልቃ እያየች።

«ይውሰዱ። ግብር ነው የሚፈልጉት። ወፍጮዬን እስካልነኩ ድረስ የፈለገው ይንገሥ።»

አንድ የድርቅ ዓመት እውነተኛው ሐይቅ ጎደለ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ለማንም ሳይነግሩ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ቀለሜ በየሆስፒታሉ ስትፈልጋቸው ቆይታ፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። የወፍጮው ግድግዳ ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከዳር ተቀምጠው ሲያዩት ውለዋል። በዝናቡ ጊዜ ተመልሶ ተሸፈነ። ጫማውን ግን ማንም እንዲጠርግ አልፈቀዱም፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቆ እስከ ዛሬ አልጋቸው ሥር አለ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሲኖር ጨዋታው አረጀ ተባለ። የታሪክ ካርታው ከሥር እንደ አዲስ ሊሠራ ሆነ። የቀለሜ አለቃ በዕድሜ ብዙ የሚያንሳት፣ ጨዋታ ላይ ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሠራተኛው «ጄኔራሉ» ይለዋል፣ እሱም አይጠላውም። ወንበሩን እየገፋ አጠገቧ መጣና፣ «ጨዋታው ስልክ ላይ ሊገባ ነው» አላት። «ጣት የማይነካው አገር አገር አይደለም። ትንንሾቹን ካጎራባቻቸው ጋር ቀላቅያቸው።»

ቀለሜ መሳፍንቱን በየተራ ስታወጣቸው ዋለች። የዘመናት ርስት አንድ ጊዜ ጫን ሲሉበት ይጠፋል። የሸለቆው ተራ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄስ?» አለ ጄኔራሉ።

«ይሄን ልተወው።»

«ምን አለው? ንጉሥ የለው፣ ግንብ የለው፣ ጦር የለው።»

«ወፍጮ አለው።»

የቀለደች መስሎት ሳቀ። «ሰነድስ? በዚያን ዘመን እዚያ ሰው ይኖር እንደነበር የጻፈ አለ? ሰነድ በሌለበት አገር መሳል እኮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ያልተጻፈለት ሰው አልኖረም ማለት ነው?»

«በኔ ጨዋታ ላይ፣ አዎ።»

ደግ አደረገች ክፉ፣ ለመነችው። ከዳርና ከዳር ካለው ተራራ ቆርሼ አሰፋዋለሁ፣ ጣት እንዲነካው አደርጋለሁ አለችው። ጄኔራሉ ጆሮውን አከከ፣ አዛጋ፣ «እሺ፣ ላንቺ ስል። ሌላ እንዳታመጪብኝ» ብሎ ወንበሩን እየገፋ ሄደ።

ያን ዕለት እየሮጠች ነው ቤት የገባችው።

«አባዬ፣ አገርዎ ሰፋ። ተራራውንም ያዙት።»

«ተራራው የማን ነበር?»

«የማንም።»

«የማንም ያልሆነ ተራራ የለም» አሉ ባለወፍጮው። ቢሆንም ደስ ብሏቸዋል፤ ሻይ ደገሙ።

የዚህን ሥራ አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ከሚያየው ከቆንጆው ካርታ ሥር ማንም ተጫዋች የማያየው ሌላ ካርታ አለ። ተራራ የለው፣ ወንዝ የለው፣ ስም የለው፤ እንደተጣጣፈ ብርድ ልብስ በቀለም ብቻ የተሞላ ነው። ኮምፒውተሩ አገር የሚለየው በሱ ነው። እያንዳንዱ ግዛት ከሌላው ጋር የማይጋራው የራሱ ቀለም አለው። ከሰማያዊ ወገን ግን የተወሰነው ለውሃ ተከልሏል፤ እዚያ ክልል የገባ ቀለም ያለበትን ቦታ ኮምፒውተሩ ባሕር ወይም ሐይቅ ብሎ ያነበዋል። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ቀለሜ ናት። አዲስ ሰው ሲቀጠር የምታስተምረውም እሷ ናት።

የሰፋው ሸለቆ አዲስ ቀለም ይፈልግ ነበር። ለሌሎቹ ግዛቶች ኮምፒውተሩ ያወጣላትን ትቀባለች፣ ታልፋለች። ለዚህኛው እንደዚያ ማድረግ አላስቻላትም።

«አባዬ፣ አገራችን ምን ቀለም ነበር?» አለቻቸው።

«ወቅቱን ሳትነግሪኝ?»

«እርስዎ የሚወዱት ወቅት።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ተልባው ሲያብብ ነዋ። አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ወንዙን ይዞ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ሰማያዊ። ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ወፍጮ ቤት ደርሶ፣ 'ያ ሐይቅ ምን ይባላል?' ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እናትሽ፣ 'ተልባ ነው፤ ደፋር ከሆንክ ግባና ዋኝ' ትለዋለች። እንዴት ትስቅ ነበር።»

እናቷ ስትስቅ ቀለሜ ትዝ አይላትም ነበር። በማግስቱ ያንን ሰማያዊ ስትፈልግ ዋለች። አንዱ ይጨልማል፣ አንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል። በመጨረሻ አንዱን አገኘችና ሸለቆውን ሞላችው። ማንም እንደማያየው ታውቃለች፤ ስለማያየው ነበር ደስ ያላት። ደንቡ ያን ጊዜ ከጭንቅላቷ የት እንደሄደ ዛሬም ብትጠየቅ አታውቀውም።

ስህተት የሚፈልገው ፕሮግራም ካርታውን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸና ስህተት የለም አለ። ውሃ መሆን ስህተት አይደለምና። ሌሎቹ ሠራተኞች ትልልቆቹን መንግሥታትና የጦር ሜዳዎቹን አዩ። ሸለቆውን ያየ አልነበረም። ቀለሜም አልከፈተችውም፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሳቸው እንዲሆኑ ነበር ምኞቷ።

አዲሱ ካርታ የወጣ ቀን ቢሮው ኬክ ቆረሰ። ቀለሜ ድርሻዋን በወረቀት ጠቅልላ ለአባቷ ይዛ ወጣች። ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ምን አሳየሻቸው?» አለቻት። «እኔ አወራቸዋለሁ፣ አይመልሱልኝም።»

ባለወፍጮው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

«ደግሞ መጣ» አሉ።

«ምኑ፣ አባዬ?»

«ውሃው።»

አየችው። ከተራራ እስከ ተራራ፣ እሷው ራሷ ባሰፋችው ልክ ተኝቷል። ጥርት ያለ፣ ያማረ ውሃ። ስም የለበትም። ወፍጮ ለማሠራት የነካኩት ይመስላል፤ «በውሃ ላይ መገንባት አይቻልም» የሚል ጽሑፍ መካከሉ ላይ ቆሟል። ቀለሙን ስታይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት፤ ኬኩን የት እንዳስቀመጠችው አላወቀችም።

«እነዚያ እንጨት የያዙት ናቸው?» አሉ አባቷ። ጃጅተው አይደለም፤ መጠየቃቸው ነው።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ተሳስቼ ነው። ነገ አስተካክለዋለሁ።»

መነጽራቸውን ከጭናቸው ላይ አነሡ። ከዚያ፣ «እነሱስ ቀድመው ነግረውን ነበር» አሉና ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ልብስ ሰፊዋ ኬኩን ከወለሉ ላይ አነሣችና ወደ ታች ወረደች።

ጠዋት ቀለሜ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጄኔራሉ ዘንድ ሄደች። እሱ ግን ቀድሟት እየሳቀ ነው።

«ሐይቅሽን አየሽው? ተጫዋቹ አብዷል። መርከብ እያሠሩበት ነው። ሁለቱ ነገሥታት እዚያ ላይ የተዋጉትን ውጊያ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያየዋል። ከአዲሱ ካርታ ሁሉ የወደዱት እሱን ነው።»

«ስህተት ነው። ቀለሙን ተሳስቼ ነው። አሁን ላውጣው።»

«ተሳስተሽ ከሆነ ሁልጊዜ ተሳሳቺ።»

«በዚያን ዘመን እዚያ ሐይቅ አልነበረም። ሰነድ አለህ?»

ጄኔራሉ የገዛ ጥያቄው መሆኑን እንኳ አላስታወሰም። «ተጫዋቹ ወዶታል። ከዚህ ወዲያ ምን ሰነድ አለ?»

ቢሮ ውስጥ ተናግራው የማታውቀውን ያን ጊዜ ተናገረችው። ግድቡን፣ ወፍጮውን፣ ስሙን ለምን እንደጻፈችው፣ አባቷ ሲመሽ ሲነጋ እዚያች ላይ ዓይናቸውን ተክለው መኖራቸውን። ጄኔራሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጠየቃት።

«ታዲያ ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ሐይቅ።»

«እንግዲያው ምኑን አዛባነው?» አለ። ለማጽናናት ነበር ያለው፤ የከፋውም ይኸው ነው።

ከቀትር በፊት አዲስ ሥራ ተሰጣት። የሐይቁ ዳርቻ ሻካራ ስለሆነ ይለስልስ፣ ሸምበቆ ይጨመርበት፣ የጀልባ ማቆሚያ ይኑረው። ቀለሜ ተቀመጠች። ዳርቻውን አለሰለሰች፣ ሸምበቆውን ተከለች። እጇ ሥራ የለመደ እጅ ነው፤ ሳትፈልግ አሳመረችው።

ስትገባ ባለወፍጮው መስኮቱ አጠገብ ነበሩ።

«ተስተካከለ?»

«አልተስተካከለም፣ አባዬ። ይቆይ አሉ። ሰው ወዶታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው የመጀመሪያቸው አይደለም። ወደ ክፍላቸው ሊገቡ ነው ስትል በሩ ላይ ቆም ብለው ዞሩ።

«ይሄኛውስ በድርቅ ይጎድላል?»

ጨዋታው ላይ ድርቅ አለ። እህል ይደርቃል፣ ሕዝብ ይሰደዳል። ውሃው ግን ቀለም ነው፤ ቀለም አይጎድልም። ይህን ከቀለሜ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ዓይኗ አልጋው ሥር ወዳለው፣ ጭቃው ወደደረቀበት ጫማ ሄደ።

«ይጎድላል» አለች።

ባለወፍጮው ተመልሰው መጥተው ኮምፒውተሩን ከፈቱ።

አሁንም ከሰዓት በኋላ እዚያው ናቸው። ውሃ ገዥ ስለሌለው ከሐይቁ በላይ ያለውን የሰው ተራራ ይመርጡና ዘመኑን ይለቁታል። ነገሥታት ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ፣ መርከቦች እየተቃጠሉ ይሰጥማሉ። እሳቸው የሚያዩት ዳርቻውን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ዳር ላይ አዲስ ወፍጮ አያሠሩም?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ።

«በሰው አገር?» ይሏታል። «የኔ እኮ ከሥር አለ።»

ቀለሜ ከሥራ ስትገባ ሰላም እንኳ ሳይሏት፣ ስለ ማሳው እንደሚናገር ገበሬ፣ «ዘንድሮም አልጎደለም» ይላሉ።

«ለከርሞ ይሆናል፣ አባዬ» ትላለች፤ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዙራ ብርጭቆዎቹን ታጥባለች።